በርበሬዬ የት ነው? ለከተማችን የንግድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህ አምስተኛ ደብዳቤዬ ነው። አራቱን በእጄ ጽፌ፣ ኮፒ አስደርጌ፣ መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር ተቀብያለሁ። የመጀመሪያው በመጋቢት 2017 ገባ፤ አራተኛው በመስከረም 2018። ለአንዱም በወረቀት መልስ አልተሰጠኝም። በቃል የተሰጠኝ ግን ብዙ ነው፦ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ፋይልሽ ቡድን መሪው ጋ ነው»፣ «ሲስተም የለም»፣ «ሰኞ ነይ»። ሰኞ ስመጣ ለሐሙስ ተቀጠርኩ። የምመጣው ደግሞ የመጨረሻ ልጄን አዝዬ ነው፤ ቢሯችሁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ደረጃውን ከነቁጥሩ አውቀዋለሁ። ይህኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው ያወጣሁት ለዚህ ነው።

የእርስዎንም የጽሕፈት ቤቱንም ስም አልጻፍኩም። የምፈልገው ንብረቴንና ሥራዬን ነው፤ ስም ማንሳት ለእኔ የሚጨምርልኝ የለም። ሲያነቡት የማን ፋይል እንደሆነ ያውቁታል። በርበሬና ሽሮ የተወሰደባት፣ ልጅ አዝላ የምትመላለሰው ሴት ነኝ።

የሆነውን ከእኔ አፍ ሰምተውት ስለማያውቁ ልንገርዎ። ማክሰኞ መጋቢት 9 ቀን 2017 ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር የገቡት። በወሎ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አይነገርም። አንዱ ቤት ሽሮ ይፈልጋል፣ ጎረቤቱ ለማፍጠሪያ ሾርባ የሚሆን እህል ይፈልጋል፣ ለኢድና ለፋሲካ ወጥ ደግሞ ሁሉም በርበሬውን ቀድሞ ያዛል። ዓመቱን ሙሉ የማገኘውን ግማሹን የማገኘው በእነዚያ ሁለት ወራት ነው። ጓሮ ቁጭ ብዬ ዛላ እየቀነጠስኩ ነበር፤ ትንሹ ልጄ ጀርባዬ ላይ ተኝቷል። አራት ሰዎች ገቡ፤ ሁለቱ ደንብ ልብስ የለበሱ፣ ሁለቱ የእናንተን ባጅ ያንጠለጠሉ። «ከመኖሪያ ቤት ምግብ አሽጎ መሸጥ ሕገወጥ ንግድ ነው» አሉኝ። የትኛው ሕግ፣ የትኛው አንቀጽ አልኳቸው። «እሱን ቢሮ መጥተሽ ትጠይቂያለሽ» ተባልኩ። ከዚያ ያገኙትን እያወጡ ፒክአፕ ላይ ጫኑት፦ 38 ኪሎ በርበሬ፣ 22 ኪሎ ምጥን ሽሮ፣ ሚዛኔን፣ የፕላስቲክ ማሸጊያዬን።

ትልቁ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ቤት ነበር። በየከረጢቱ ላይ የምንለጥፈውን ወረቀት የሚጽፈው እሱ ነው። «የቤት በርበሬ፣ ቅመም ያለው፣ 1 ኪሎ» ብሎ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጽፍና ከሥሩ ቀኑን ያስቀምጣል። ከሰዎቹ አንዱ ከረጢት አንሥቶ አነበበና «ይህን የጻፈው ማን ነው?» አለ። ሰውዬው ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ልጁ ግን አልጋ ሥር ገባ። በስንት ልመና ካወጣሁት በኋላ ማታ ላይ «እኔ ስለጻፍኩበት ነው እንዴ የወሰዱት?» አለኝ። አይደለም አልኩት፤ አላመነኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከደብተሩ ውጭ ምንም ነገር አይጽፍልኝም።

ደረሰኝ ስጡኝ ብዬ ነበር። የወሰዳችሁትን በዝርዝር ጽፋችሁ ፈርሙልኝ፣ ጎረቤቴም ምስክር ትሁን አልኩ። አልፈረሙም። አሁን መዝገባችሁ ውስጥ የእኔ 38 ኪሎ በርበሬ ተጽፎ ይሁን አይሁን የማውቅበት መንገድ የለኝም። ከዚያ ውስጥ 13 ኪሎው ገንዘቡ አስቀድሞ የተከፈለበት ነው። በኪሎ 750 ብር፣ 9,750 ብር። የሰው ገንዘብ ነውና ከሪያድ ይዤው የመጣሁትን የጆሮ ወርቅ ሸጬ መለስኩ። ለአንዳንዶቹ ስመልስ «ተይው፣ አብሽሪ፣ ሌላ ጊዜ ትሠሪልናለሽ» አሉኝ። እኔ ግን ሌላ ጊዜ ይኑር አይኑር ስለማላውቅ እጃቸው ላይ አስቀምጬላቸው ሄድኩ።

ይህ ከመሆኑ ዐሥር ቀን በፊት፣ የካቲት 29፣ የሴቶች ቀን ሲከበር የት እንደነበርን ያስታውሳሉ። እናንተው በማኅተም ጠርታችሁኝ ባዛሩ ላይ ቆሜ ነበር። የጥሪው ደብዳቤ ዛሬም እጄ ላይ አለ፤ «በቤት ውስጥ ሥራ ራሷን የቻለች ሞዴል ሴት» ይላል። እርስዎ በእኔ ጠረጴዛ ፊት ቆመው ፎቶ ተነሡ። ከዚያችው በርበሬ ሁለት ኪሎ ገዝተው «ባለሙያ ነሽ፣ በርቺ» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። ያን ደብዳቤ ከሁለተኛው አቤቱታዬ ጋር አያይዤ አስገብቼዋለሁ። ክቡር ኃላፊ፣ የካቲት 29 ሞዴል የነበረ ሥራ መጋቢት 9 ቀን ሕገወጥ የሆነው በመካከል የትኛው ሕግ ወጥቶ ነው? ይህን ጥያቄ አራት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። አሁን ደግሞ አንባቢ ፊት እጠይቅዎታለሁ።

ፈቃድ ሳልጠይቅ ተደብቄ የሠራሁ እንዳይመስልብኝ። በ2016 ጥቅምት ላይ መጥቼ ጠይቄያለሁ። ቲን ቁጥር አወጣሁ፣ ፎርም ሞላሁ፣ የቤቱን ካርታ አመጣሁ። ካርታው በአማቴ ስም ነው፤ እሳቸውም ቀበሌ ድረስ ሄደው እንደሚፈቅዱልኝ ፈረሙ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አየችውና «መኖሪያ ቤት አይሆንም፤ መንገድ ዳር ሱቅ ተከራይተሽ የኪራይ ውል አምጪ» አለችኝ። ለንግድ ምዝገባ አድራሻ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። እኔም አድራሻ አለኝ። አድራሻ ማለት ሱቅ ብቻ ነው የሚለው የት እንደተጻፈ ግን የሚያሳየኝ አላገኘሁም። «አይቻልም» የሚለውን በጽሑፍ ስጡኝ ስል ደግሞ «እንደሱ አንሰጥም» ተባልኩ። አሠራራችሁ ይኼ ከሆነ፣ የተከለከለ ሰው ይግባኝ የሚለው በምን ወረቀት ነው?

ሱቅ ተከራዪ ማለት በእኔ ሒሳብ ምን እንደሆነ ልቁጠርልዎ። እኛ ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ በወር 6,500 ብር ናት፤ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ይጠይቃል፣ 39,000 ብር። እኔ በደህናው ወር የዛላውን፣ የቅመሙን፣ የሽንኩርቱን፣ የወፍጮውን፣ የከረጢቱን ከፍዬ 7,500 ብር ገደማ ይተርፈኛል። ከዚያ ላይ ኪራዩ ሲነሣ 1,000 ብር ይቀረኛል። ሱቅ ውስጥ ስቀመጥ ደግሞ ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ማን ይይዛል? ሞግዚት በ1,000 ብር አትገኝም። ሱቁ ውስጥ በርበሬ ሲታሸግ አጠገቤ ላስቀምጠው ብል ዓይኑን ያቃጥለዋል። ቤቴ ስሆን ግን እሱ እንቅልፉን ሲተኛ አሽጋለሁ፣ ትልልቆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እቀነጥሳለሁ፣ ማታ እነሱን አስጠንቼ ካስተኛሁ በኋላ ቅመም አምሳለሁ። ይህ ሥራ ለእኔ የሚሆነው ቤቴ ውስጥ ስለሆነ ነው። ከቤት ካወጣችሁት የለም።

ተቀጠሪ የሚለኝም ሰው አለ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ከእኛ ሰፈር ስንት ሴት ፎርም እንደሞላች አውቃለሁ። እኔ ያኔ የመጀመሪያ ልጄን አጠባ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ለተቀጠረች እናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣታል፤ ጥሩ ነው። በዘጠና አንደኛው ቀን ልጁን የት ታድርገው? ደግሞ ይኸው ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ሰው በገዛ ቤቱ ሆኖ ለአሠሪ የሚሠራበትን ውል ራሱን ችሎ ያውቀዋል። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ሥራ መሆኑን ሕግ አውጪው ካመነ፣ የእናንተ መስኮት ላይ ሲደርስ የሚጠፋው ለምንድን ነው? ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ለመተዳደሪያዬ የመረጥኩትን ሥራ የመሥራት መብት ሰጥቶኛል። እነዚህን ከእኔ በላይ ያውቋቸዋል፤ ቢሮዎ መደርደሪያ ላይ ተደርድረው አይቻቸዋለሁ።

አሁን የበለጠ ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ።

ጎረቤቴ ናት፤ ያቺው ደረሰኝ ስጡኝ ስል ምስክር ልትሆነኝ የቆመችው። ሁለት ልጆች አሏት፤ ባሏ ከሄደ ቆይቷል። በቴሌግራም «ከቤትዎ ሳይወጡ በቀን ከ1,000 ብር በላይ ያግኙ» የሚል አየች። ሥራው ቪዲዮ ላይክ ማድረግ ነው ተባለች። መጀመሪያ 150 ብር ላኩላት፤ እውነተኛ ገንዘብ፣ ስልኳ ላይ የገባ። በማግስቱ «ደረጃሽ እንዲያድግ 500 አስገቢ» አሏት፤ አስገባች፣ 650 አድርገው መለሱላት። ማጥመጃው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ 3,000 አሏት። ከዚያ ሌሎች ሴቶችን ከሥርሽ ብታስገቢ ከእነሱም ይደርስሻል አሏት፤ እህቷንና አንድ የቅሬ፣ ማለትም የሰፈራችን ዕድር፣ ጓደኛችንን አስገባች። መጨረሻ ላይ «ገንዘብሽን ለማውጣት 8,000 ክፈይ» ሲሏት የዕቁቧን ብር ከፈለች። በዚያው ሌሊት ገጹ ጠፋ። ሦስቱ ሴቶች አንድ ላይ ከ20,000 ብር በላይ ተበሉ። ከገንዘቡ ይልቅ እሷን የገደላት እህቷን ማስገባቷ ነው፤ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

ይህን ሁሉ ፎቶ አንሥተን፣ የተላከበትን የስልክ ቁጥር ጽፈን እናንተ ጋ ነበር ይዘነው የመጣነው። «ይህ የቴሌግራም ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ተባልን። አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ነው። ሰው ገንዘብ አስገብቶ ሌላ ሰው ባመጣ ቁጥር ጥቅም ታገኛለህ እየተባለ የሚካሄደውን የፒራሚድ ሽያጭ ይከለክላል። ከጉዳዩ ጋር ከከተማው መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚቀርበው የእናንተው ነው። ቢያንስ ለፖሊስ አንድ መሸኛ መጻፍ፣ ቢያንስ በር ላይ «ሴቶች ሆይ፣ ሥራ ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን አትመኑ» የሚል ወረቀት መለጠፍ አቃታችሁ? ለእኔ በርበሬ አራት ሰውና አንድ ፒክአፕ ተገኝቷል። ለእሷ 8,000 ብር አንድ መሸኛ ጠፋ።

ክቡር ኃላፊ፣ ልጅ የምታሳድግ ሴት ቤቷ ሆና የምታገኘው ገንዘብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዝግ ያለ ነው፤ እጅ ይልጣል፣ ወገብ ያጎብጣል፣ ትርፉ ትንሽ ነው፣ ግን ይመጣል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ለሆቴል እንጀራ፣ ለሸማኔ ፈትል፣ ጥልፍ፣ የጎረቤት ልጅ ማስጠናት። ሁለተኛው በስልክ የሚመጣው ነው፤ ቶሎ ይሞቃል፣ ጠራርጎ ይሄዳል። የመጀመሪያውን በር ስትዘጉ ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም፤ ወደ ሁለተኛው ይገባሉ። ጎረቤቴ ቴሌግራሙን ከመክፈቷ በፊት ከእኔ ጋር ሽሮ ልትሠራ ተነጋግረን ነበር። ፈቃዱ ሲከለከል ነው የቀረው።

ስለ ባዕድ ነገር ያነሡት ይሆናል፤ መስኮታችሁ ላይ አንድ ቀን ተነሥቶብኛል። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅል ነጋዴ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም ልጆቼን አበላለሁና ያስፈራኛል። ስለዚህ ኑ፣ እዩኝ። ዛላውን ገዝቼ አንድ በአንድ እቀነጥሳለሁ፤ የሻገተውን እጥላለሁ። ፀሐይ ካገኘው በኋላ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በበሶብላና በጤና አዳም ይወቀጣል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይታፈናል፣ እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ድንብላሉ ታምሶ ይገባል። ወፍጮ ቤት ራሴ ቆሜ ነው የማስፈጨው፤ የሌላ ሰው እንዳይቀላቀልብኝ አስጠርጌ። በክረምት ደመናው አልገፈፍ ሲል ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ እያገላበጥኩ ነው የማደርቀው። ሰዎቻችሁ ከ38 ኪሎው አንዲት ማንኪያ ወስደው ላቦራቶሪ ልከው ቢሆን ኖሮ፣ «ይህ ተገኝቶበታል» ቢሉኝ ኖሮ፣ አፌን ይዤ እቀመጥ ነበር። ጤና ያሳሰበው ሰው ናሙና ይወስዳል። እነሱ ጠቅላላውን ወሰዱ። ታዲያ አሁን የት ነው? ተጥሎ ከሆነ የተጣለበት ቃለ ጉባኤ የት አለ? ተበልቶ ከሆነ ማን በላው?

ይህን ሥራ ከየት እንደጀመርኩት ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ሪያድ አምስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። በኅዳር 2006 ሳዑዲ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ስትመልስ አንዷ ነበርኩ፤ በአንዲት ፌስታል ልብስ ቦሌ ወረድኩ። ያኔ የማልኩት አንድ ነገር ነው፤ ወልጄ ልጄን ለሰው ጥዬ አልሄድም። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ሁለት ልጆች ይዤ ሸሸሁ፤ ስመለስ ቤቴ ባዶ ነበር። ከዕቁብ ተበድሬ በአምስት ኪሎ ዛላ ጀመርኩ። ቀስ በቀስ በቴሌግራም ከአዲስ አበባ፣ ከወልድያ፣ ከዓረብ ሀገር ያሉ ሴቶች ያዙኝ፤ ለዘመድ የሚልኩ፣ ሻንጣ ውስጥ የሚከትቱ። ከዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ፤ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ደንበኞቼ ከእጄ ጠፉ። ልጄን አዝዬ በር ለበር እየዞርኩ እንደገና ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ ከዜሮ ተነሥቻለሁ። በሪያዱም፣ በጦርነቱም፣ በኢንተርኔቱም የእናንተ እጅ የለበትም፤ ይህን አውቃለሁ። አራተኛው ግን በእናንተ ፒክአፕ ነው የሄደው።

አሁን ደላላው እየደወለልኝ ነው። ዓረብ ሀገር ሥራ አለ ይለኛል። በእኛ ሰፈር ይህ ስልክ የማይደወልላት እናት የለችም። በየቅሬያችን አያት የሚያሳድጋቸውን ልጆች ብትቆጥሩ ምን ያህል እናቶች እንደሄዱ ታዩታላችሁ። እነዚያ ሁሉ ልጆቻቸውን ስለማይወዱ የሄዱ ይመስልዎታል? ትንሹ ልጄ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያደርገው እጁን ዘርግቶ አንገቴን መፈለግ ነው። እሱን ለአማቴ ጥዬ የሰው ልጅ ላሳድግ ልሂድ? ከእናንተ የምፈልገው መልስ በቀጥታ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

የምጠይቀው ረጅም አይደለም። የተወሰደውን በዝርዝር ጽፋችሁ ስጡኝ፤ ካለ መልሱልኝ፣ ከሌለ 34,220 ብር የበርበሬና የሽሮ፣ 8,000 ብር የሚዛንና የማሸጊያ ክፈሉኝ። የፈቃድ ጥያቄዬን እንደገና እዩት፤ ቤቴን የሚያይ ባለሙያ ላኩ፣ ንጽሕናውን ይመርምር፣ የጎደለኝን ይንገረኝ፣ አሟላለሁ። ግብሬንም ልክፈል። አይቻልም ካላችሁ ደግሞ አንቀጹን ጠቅሳችሁ፣ ቀን ጽፋችሁ፣ ማኅተም አድርጋችሁ ስጡኝ፤ ያን ወረቀት ይዤ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ እሄዳለሁ። ይህን የምለው ለራሴ ብቻ አይደለም፤ እኔ በማውቃቸው ሦስት ቅሬዎች ውስጥ ብቻ ቤታቸው ሆነው ሠርተው ሰዎቻችሁ ይመጡብናል ብለው በሩን ቆልፈው የሚያሽጉ ሴቶች አሉ። በሩን ከፍተው ቢሠሩ ንጽሕናቸውን ለማየት ለእናንተም ይቀላችሁ ነበር።

ስሜና ስልኬ በአራቱም ማመልከቻዎች ላይ አለ። የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮዎ በር ላይ እሆናለሁ። ስብሰባም ካለብዎት እስኪወጡ እጠብቃለሁ። ልጁንም አዝዬ ነው የምመጣው፤ የምተውበት ሰው የለኝም።

የሦስት ልጆች እናት
ደቡብ ወሎ፣ ጥቅምት 2018